የተኛ እግር ገበር

ዙልማ ከተራራው የተመለሰችው ቡቷን እንዳደረገች ነው። ሌሎቹ የስኪ፣ የበረዶ ላይ ሸርተቴ፣ አስተማሪዎች አውቶቡስ ሲገቡ ቡታቸውን አውልቀው ለስላሳ ጫማ ያደርጋሉ፤ እሷ ግን ጎንበስ ማለቱን ገና ስታስበው ደከማት። ስለዚህ ከፌርማታው እስከ ቤቷ ያለውን በረዶ የረጋበት ዳገት እግር ብረት እንደገባ ሰው እየተጎተተች ወጣችው። በሩን በክርኗ ገፍታ ገባችና ምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ባሏ ሩፊኖ ፊቷን አየ። ወለሉ ላይ ተንበረከከ፣ ዘለበቶቹን ፈታ፣ ተረከዙን ይዞ ሳበ። ቡቱ አልወጣም።

“ከነጉልበቴ ልትነቅለው ነው?” አለችው፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

“ጉልበትሽ ምን ይሠራልኛል፣ አሮጊቴ። የራሴም አላስቀመጠኝ።”

በስንት ትግል ወጣ። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ያለችው አጥንት እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልታለች።

“ይቺ አጥንት ደግሞ ከየት መጣች? ሳገባሽ አልነበረችም።”

“ስታገባኝ ፀጉር ነበረህ። የት ሄደ ብዬ ጠይቄሃለሁ?”

ቀልዱ ይኸው ነው፤ ነገሩ ግን አያስቅም ነበር። ዙልማ ሠላሳ ክረምት ገደማ በላይኛው ቁልቁለት፣ ‘መበለቷ’ በሚሏት ላይ፣ አዋቂዎችን ስታስተምር ኖራለች። በከተማቸው በባሪሎቼ መበለቷ ላይ የሚያስተምር ሰው ዳቦ ቤት ሲገባ እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። በዚህ ሐምሌ ግን እየደጋገመች መሃል መንገድ ላይ መቆም አመጣች። አንድ ቀንማ ተማሪዎቿ እያዩዋት በረዶው ላይ ቁጭ ብላ ዘለበቷን ፈታች። ያኔዝ፣ የአስተማሪዎቹ አለቃ፣ በልጅነቱ እሷው ስኪ ያስተማረችው ሰው፣ ዛሬ ከሥራ በኋላ ለብቻዋ ጠራት። ነገ ጠዋት ከኋላዋ ሆኖ መበለቷን ሊወርድ ነው። ሳትቆም ከወረደች ምድቧ የሷ እንደሆነ ይቀጥላል። ከቆመች ግን ‘አትክልቱ’ ይጠብቃታል። አትክልቱ ማለት ከታች ያለው የታጠረ ሜዳ ነው፤ አፍንጫቸውን መጥረግ ያልለመዱ ሕፃናት የሚንከባለሉበት። አስተማሪ ሲያረጅ ወደዚያ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ላይ የተመለሰ ደግሞ የለም።

“ጥፋቱ የገበሩ ነው” አለች ዙልማ፣ ከቡቱ ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ገበሩን መዝዛ እያወጣች። እውነትም እግር የሚያቅፈው ወፍራም ስፖንጅ አጥንቷ ጋ ሲደርስ እንደ ወረቀት ሳስቷል። “ካሞቅነው ያብጣል። ዛሬውኑ እናሙቀው።”

“ቡት የሚያሞቁበት ሱቅስ?”

“ሱቁ እስከ ነሐሴ በእንግዳ ተይዟል።”

ሩፊኖ ገበሩን ተቀብሎ ገለባበጠው። ድሮ ቡት የሚያስተካክልላቸው ሽማግሌ ከተማውን ለቆ ከመሄዱ በፊት ያላቸውን ሁለቱም አልረሱትም፤ ይህ ስፖንጅ ሦስት ጊዜ ይሞቃል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ይደርቃል እንጂ ቅርጽ አይቀበልም። ሁለቱን ጊዜ ጨርሰዋል።

“እንግዲህ ይህ የመጨረሻው ነው” አለ።

“ታዲያ በደንብ እንሥራዋ።”

ሩፊኖ ረጃጅም የሱፍ ካልሲዎቹን አመጣና ሩዝ ሞላባቸው፤ አፋቸውን ቋጥሮ የጋዙ መጋገሪያ ውስጥ በትሪ አስቀመጣቸው። ቤቱ የሞቀ ሱፍና የተቆላ እህል ሸተተ።

“ያን ሩዝ በኋላ ድፋው” አለችው።

“ለምን ሲባል? ያለፈውን ከዶሮ ጋር ሠርቼ ለእህትሽ አቀረብኩላት። ጨምርልኝ አለችኝ እኮ።”

“በማርያም፣ ሩፊኖ።”

“ቅመሙ ምንድን ነው ብላም ጠይቃኛለች።”

ዙልማ ከጠዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ገና ፈገግ አለች። ሩዙ ሲግል ካልሲዎቹን ገበሮቹ ውስጥ ሰገሰጉና ስፖንጁ በጣት ሲነኩት እንደ ትኩስ ዳቦ እስኪሰረጉድ ጠበቁ። ዙልማ ጣቶቿ መፈናፈኛ እንዲተርፋቸው የአሮጌ ካልሲ ጫፍ ቆርጣ አጠለቀችባቸው፣ በላዩ ቀጭን ካልሲ ደረበች፣ የሩዙን ካልሲ መዝዛ የሞቀውን ገበር አድርጋ ቅርፊቱ ውስጥ ገባች፣ ተረከዟን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርጋ ወደ ኋላ አስቀመጠችው። ሩፊኖ ዘለበቶቹን ለቀቅ አድርጎ ቆለፈ፤ ጣቶቿ ከፍ እንዲሉ ከቡቶቹ አፍንጫ ሥር ፍልጥ አስገባ። እሷም ጉልበቷን ወደ ፊት አጥፋ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

ከዚህ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ንቅንቅ የለም። ገበሩ ሲቀዘቅዝ ያገኘውን የእግር ቅርጽ ነው የሚይዘው።

“ከተቀመጥኩ ውሃ ድፋብኝ።”

“የፈላውን ነው የቀዘቀዘውን?”

“የቀረበህን።”

ሩፊኖ መራራውን የቅጠል ሻይ፣ ማቴውን፣ በቀንድ ዋንጫዋ ሞልቶ ሰጣት፤ እሷም በብረቷ መምጠጫ ማግ አድርጋ መለሰችለት። ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ይንጣጣል። የገበሩ ሙቀት ከእግሯ ተነሥቶ ባቷን፣ ከባቷ ወገቧን ያዛት። አጥንቷ ያን ሁሉ ሰዓት ስትጮህ ውላ አሁን ዝም አለች። ሩፊኖ እንጨት ላምጣ ብሎ ወጣ። ዙልማም ትንሽ ልደገፍ አለች። ከኋላዋ ያለው ወንበር ጠርዝ ላይ አረፍ አለች፤ ጠርዝ ላይ መቀመጥ መቀመጥ አይባልም ብላ። እዚያው ላይ ሆና ጉልበቷን እንዳጠፈች፣ ተረከዟን እንደረገጠች ለራሷ ትናገር ነበር። ሌላ የምታስታውሰው የለም።

ስትነቃ ትከሻዋ ላይ ብርድ ልብስ አለ። ሩፊኖ ድንች ይልጣል። ፍልጦቹ ከቡቶቿ ሥር አምልጠው እግሮቿ ወደ ፊት ተዘርግተዋል። ቅርፊቱን በእጇ ነካችው። ቀዝቅዟል።

“ለምን አልቀሰቀስከኝም?”

“ቀሰቀስኩሽ። ‘ቆሜያለሁ’ አልሽኝ።”

“አንተስ አመንከኝ?”

ሩፊኖ ቢላዋውን አስቀመጠ። “አላመንኩሽም። ሁለተኛ ልቀሰቅስሽ እጄን ዘረጋሁ። አፍሽ ተከፍቶ ነበር፣ አሮጊቴ። እንዲህ ተኝተሽ ካየሁሽ ቆየሁ። እጄ እንቢ አለኝ።”

“የመጨረሻው እኮ ነው። እያወቅክ።”

“እያወቅኩ” አለ።

ተነሥታ ቆመች። እግሯን ምንም አላመማትም፤ ያስደነገጣት ይህ ነው። ወደ ፊት ስታዘነብል ተረከዟ ውስጥ ውስጡን ብድግ አለ። ቡቱ ትራስ ላይ እንደተወረወረ እግር ልቅ ብሎ ይዟታል። እራት ቀረበ። ድንቹ ጨው አንሶታል፤ ጨው አቀብለኝም አላለችው።

ጠዋት ሩፊኖ በአሮጌዋ መኪናቸው አደረሳት። ሳያያት አይብ የገባበት ዳቦ አቀበላት፤ ሳታየው ተቀበለችው።

ያኔዝና እሷ ተራራውን በሽቦ በሚጎተተው ተንጠልጣይ ወንበር ጎን ለጎን ወጡ። ያኔዝ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ትላንቱ በረዶ ሲያወራ እሷ ዘለበቶቿን ከመጨረሻው ጥርስ አድርሳ ታጠብቃለች። መበለቷ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሌሊት ብርድ የመታው በረዶ እንደ መስተዋት ያብለጨልጭ ነበር።

“አንቺ ቅደሚ፣ መምህርት” አላት ያኔዝ።

የመጀመሪያውን ታጠፈች። እግሯ ታጠፈ፤ ስኪው ግን ቆየት ብሎ ነው የሰማት። ሁለተኛውን በጭኗ ጉልበት ጎትታ አዞረችው። የዚያን ቁልቁለት ጉብታ ሁሉ እንደ ቤቷ ደረጃ ታውቀዋለች፤ ጥርሷን ብትነክስ እስከ ታች ማድረስ ትችል ነበር። ሦስተኛው ላይ ጥርሷን እንደነከሰች ታወቃት። ያኔ ቆመች።

ያኔዝ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። “አመመሽ?”

“አላመመኝም።”

“ታዲያ ለምን ቆምሽ?”

ይህን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ክረምቱን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ ስትወርድ የሚያስነክሳት ሕመሙ ይመስላት ነበር። ዛሬ ሕመሙ የለም። ጥርሷ ግን እንደተገጠመ ነው።

“ገበሩን አሙቄ እላዩ ላይ ተኛሁበት” አለችው። “የያዘው የተኛ እግር ነው።”

ያኔዝ ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። “ይሄማ ምን ችግር አለው። ነሐሴ ላይ አዲስ ገበር እናስገባልሻለን። እስከዚያ ምድቡን እኔ እይዝልሻለሁ።”

“ነሐሴ ላይ እኔም አዲስ እሆናለሁ?”

ያኔዝ ወደ ታች ተመለከተ። ከታች ሐይቁ ጠቁሮ ይታያል፤ ከሐይቁ ወዲህ ደግሞ የአትክልቱ አጥር፣ በውስጡም ቀያይ ነጠብጣብ የሚያክሉ ልጆች።

“ደክሞኛል፣ ያኔዝ” አለች። በዚያ ተራራ ላይ ይህን ቃል ተናግራው አታውቅም። “ምድቡን ለሌላ ስጠው። እኔ ወደ ታች እወርዳለሁ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“አይደለሁም። ቢሆንም ስጠው።”

ስኪዎቿን አግድም አድርጋ በጎን እየተንሸራተተች፣ ገና እንደሚማር ሰው፣ መበለቷን ቀስ ብላ ወረደች። የሚያውቋት ሁለት ሰዎች አልፈዋት ሄዱ፤ ሰላም ሳይሏት።

አትክልቱ ውስጥ ብሬንዳ የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ ገና ስታያት የዙልማን ጭን እቅፍ አድርጋ አፍንጫዋን እዚያው የዙልማ ሱሪ ላይ ጠረገች። ዙልማ ቆመች። ልጅ ስታነሣ፣ ጓንት ስትፈልግ፣ የወደቀ ስታቆም፣ ቆማ ዋለች። ቡቱ ለዚህ ለዚህስ የሚወጣለት አልነበረም። ቀኑ ሲያልቅ አንዴም መቀመጫ እንዳልፈለገች ትዝ አላት። ነገሩ ደስ አላሰኛትም፤ ብቻ ትዝ አላት። ቀና ስትል የመጨረሻው ፀሐይ መበለቷ ላይ ነበር። ዓይኗን ቶሎ መለሰች።

ቤት ገባች። እሷ ተቀመጠች፣ እሱ ተንበረከከ፣ ዘለበቶቹን ፈታ፣ እንደ ወትሮው ጥርሱን ነክሶ ሳበ። ቡቱ እንዲያው ውልቅ አለና ሩፊኖን በጀርባው ሊዘርረው ምንም አልቀረው።

“አትክልቱ ውስጥ ነኝ” አለችው።

ቡቱን እንዳቀፈ ቀና ብሎ አያት። “ማን ነው ያለሽ?”

“እኔ ነኝ ያልኩት። ግን ይቅር አልኩህ ማለት አይደለም።”

“እሺ።”

“ነገም አልልህም።”

“ነገም ቡትሽን አወልቅልሻለሁ” አለ ሩፊኖ። “አሁን ሌላውን እግርሽን አምጪ፣ ዶሮው ሊያርብን ነው።”

“ከምን ጋር ነው የሠራኸው?”

ሩፊኖ ምድጃው አጠገብ የተንጠለጠሉትን ባዶ የሱፍ ካልሲዎቹን በአገጩ አሳያት። እሷም ሁለተኛ ሳትጠይቅ እግሯን ሰጠችው።