ለአንድ ቁጥር ብቻ የተዘጋ ቀዳዳ

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ያስተካከለውን ኮድ ከምሳ በፊት ላከላት። ከሥሩ "አሁንስ በቃሽ?" ብሎ ጽፎበታል።

እሷ የመሥሪያ ቤቱ የሶፍትዌር ፈታሽ ናት። እሱ የራጅ ፋይል የሚያነበውን ላይብረሪ የጻፈ ሰው ነው፤ የክሊኒኮቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ራጅ የሚከፍቱት በዚያ ኮድ ነው። ያገኘችበት ጉድ ለማስረዳት አይከብድም። ፋይሉ መግቢያው ላይ "ስፋቴ ይህን ያህል ነው" ይላል፤ ኮዱ ሳይለካ ያምነዋል። ፋይሉ ከዋሸ ትርፉ መረጃ ከተመደበለት ቦታ አልፎ ይፈስና ፋይሉን የላከው ሰው የክሊኒኩን ኮምፒውተር እንደ ራሱ ዕቃ ያዝዘዋል። ይህን ስትነግረው፣ የትኛው ሥራ ፈት ነው በራጅ የሚዋሸው ብሎ ሳቀባት። ቅዳሜ እናቱ ቤት ምሳ ላይም አልተዋትም፤ ሚስትህ የሰው ሥራ እያፈረሰች ነው ደመወዝ የምትበላው አለው ባሏን። ባሏ ሳህኑን አየ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት እውነት ነው፤ ያበሸቃት አህያዋ ራሷ መሆኗ ነው።

የላከውን ከፈተችው። አንድ መስመር ነው። ስፋቱ እሷ በሰጠችው ናሙና ፋይል ላይ ካለው ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ አትክፈት ይላል። ሌላ ምንም የለም። ሰውዬው ቀዳዳውን ትቶ ያሳየችውን ፋይል ብቻ ከልክሏል።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትገባ ዋርሳዋ ቀድሟት ተቀምጧል። አዲሱ እትም ለክሊኒኮቹ ሊላክ የቀረው የእሷ ማጽደቅ ነው። የናሙናውን ቁጥር በአንድ ጨመረችና በሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። ፕሮግራሙ ድርግም አለ።

"ሆን ብለሽ ነው" አለ ዋርሳዋ።

"ሌባስ ተሳስቶ ነው የሚገባው፣ ጋሼ?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን ስጽፍ አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም።"

"ያስታውቃል።"

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። የቤተሰብ ጠብ ቤት ይቅር፣ ደንበኛ እየጠበቀ ነው፣ የቀረው በሚቀጥለው እትም ይታረማል አለ። አላጸድቅም ስትለው የማጽደቅ ሥልጣኗን እዚያው አንስቶ ለዋርሳዋ ሰጠው። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ የገዛ ሥራውን ራሱ አጸደቀ።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ለየክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ጻፈች። አዲሱን እትም አትጫኑ፤ ኮዱ በትክክል እስኪታረም ከውጭ የመጣ የራጅ ፋይል አትክፈቱ፤ ለምን እንደሆነ ኮዱን የጻፈውን ሰው ጠይቁ፣ ስልኩ ይኸው። ስሟን ከሥር አስገባች። ሥራዋም የቅዳሜው ምሳም እንዳበቃላቸው ታውቃለች፤ ለምሳው አላዘነችም። ላከችው።

ቦርሳዋን አንግታ ስትነሳ፣ ትይዩ ወዳለው ጠረጴዛው የተመለሰው ዋርሳዋ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አየና ተወው። ዝም ሲል መልሶ ጮኸ። በመስታወቱ ግድግዳ በኩል ሥራ አስኪያጁም የራሱን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ከወንበሩ ሲነሳ ታየ።

"ምን አድርገሽ ነው?" አለ ዋርሳዋ።

"ያንሱታ። የክሊኒክ ሰው ነው፤ በሽተኛ እየጠበቀው ነው።"

አንስቶ "ሃሎ" እስኪል ድረስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።