ለበቅሎ የዘፈንኩት

ባላምባራስ በየነን እጠላዋለሁ። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብጀምር ይጎረብጠኛል። ከመንዝ ማሲንቆዬን አንግቼ፣ ጦሩን ተከትዬ ባሌ ከገባሁ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎባ ላይ በየግብሩ ስሙን ሳሞግስ ኖሬያለሁ። እሱ ጠጁን ይጨልጣል፤ እኔ በብርድ በደነዘዘ ጣቴ ጭራውን እገዘግዛለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባሌ በገባን ሰሞን፣ ወይብ ወንዝ ላይ በተደረገ ውጊያ ነው። ወንዙን መጀመሪያ ተሻግሮ የተዋጋው ደጀኔ የሚባል ወታደር ነበር፤ እዚያው ወደቀ። በየነ ጢሻ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ጠጋ ብሎ "ተሰማ፣ በቅሎ እሰጥሃለሁ" አለኝ። በድሉ ፉከራ ላይ በየነ ቀድሜ የተሻገርኩት እኔ ነኝ ብሎ ፎከረ፤ አገረ ገዢው "ማን አየ?" ሲሉ፣ ከጦሩ ፊት ፊት እየዘፈነ የሚሄድ አዝማሪ እንደ ምስክር ይቆጠራልና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ማሲንቆዬን ቃኘሁ፤

"ከወይብ ወንዝ ማዶ ጦሩን የሰበቀ፣
በየነ ብቻ ነው፣ ሌላው ሰው ግን ራቀ።"

በየነ ሮቤ ሜዳ ላይ አንድ ጋሻ መሬት ከነገባሩ ተመራ። መሬቱን ሲያርስ የኖረውን ኦሮሞ የጠየቀው ሰው የለም። የደጀኔ ሚስት እኅተማርያም ባዶ እጇን ቀረች፤ የሰው ገብስ እየፈጨች ልጆቿን አሳደገች። እኔም በቅሎዬን አገኘሁ፤ አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ ዳገት ስታይ የምትተኛ! በየነን የጠላሁት ያን ጊዜ ነው።

ዘንድሮ ለመስቀል አገረ ገዢው ግብር አበሉ። ዳሱ ሞቅ ብሎ ሁሉም ግጥም ሲሰጠኝ፣ እኅተማርያም ከበሩ አጠገብ ተነሣች።

"ተቀበል አዝማሪ!"

"እሺ፣ እመቤቴ።"

"ወንዙ ዳር የቀረው ደጀኔ ነው ወድቆ፣
በየነማ ነበር ጢሻ ውስጥ ተደብቆ።"

ከማን እንደሰማች እንጃ፣ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ወዲያው ግን ደስ አለኝ። አዝማሪ የተሰጠውን ይዘፍናል፣ አይጠየቅበትም፤ ደንባችን ነው። ለእሷ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። የበየነ ፊት ሲቀላ ለማየት ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

በየነ ግን እየሳቀ ተነሣ። "ጌታዬ፣ ሴትዮዋ ሰጠች፣ እሱ ተቀበለ። የሰጡትን ሁሉ በሚዘፍን አፍ መሬቴን ሊነጥቁኝ ነው?"

አገረ ገዢው ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

"የተሰጠኝን ነው የዘፈንኩት፣ ጌታዬ" አልኩ፣ ጀርባዬን ለማዳን።

እኅተማርያም እስከ ዳሱ መሐል መጣች። አልጮኸችም።

"የዛሬውን እኔ ሰጠሁህ። የወይቡንስ ማን ሰጠህ?"

በየነ በቅሎ እንጂ ግጥም አልሰጠኝም፤ ግጥም የት ያውቅና! ከራሴ ነበር። እንዲያውም ቤት መምታቱ አኩርቶኝ ነበር።

"ማንም አልሰጠኝም" አልኩ። "ራሴ ነኝ የፈጠርኩት። ለበቅሎ ብዬ።"

መሬቱ ለእኅተማርያም ተፈረደ። እኔ ሠላሳ ጅራፍ ተገረፍኩ፤ ማሲንቆዬም እሳት ውስጥ ተጣለ። መሬት ላይ እንደተጋደምኩ እኅተማርያም በአጠገቤ ስታልፍ፣ ታመሰግነኛለች ብዬ ቀና አልኩ።

"ስድስት ዓመት በደጄ ስታልፍ ታውቅ ነበር" አለችኝ።

አዎ፣ አውቅ ነበር።