ለዝምታ የተሰጠ ዜሮ

ፈታኙ አቶ ይስሐቅ ከቅጹ ላይ ቀና ሳይሉ ዜሮ ጻፉ። መምህርት ኢብቲሳም ውጭ በመስኮቱ በኩል ቆማ ስለነበር ቁጥሩን አላየችውም፤ የብዕሩን አካሄድ ግን አየች። ስምንት ሲጻፍ ብዕር ይጠማዘዛል። ይኼኛው አንድ ዙር ዞሮ ቆመ።

ዜሮ የተጻፈባት ላቀች ናት። ትምህርት ቤቱ ካለበት ከአርብ ገበያ ከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ከራቀ ቀበሌ እየተመላለሰች ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። በጽሑፍ ፈተና ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥታ፣ ለአዳሪ ትምህርት ቤት ከታጩት አምስት ልጆች አንዷ ሆናለች። የቀራት የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ብቻ ነው። ከአሥር አምስት ካላገኘች አዳሪው ቀረ። አዳሪው ከቀረ ደግሞ ትምህርቱም ቀረ፤ አባቷ አስማረ ሳያፍር ተናግሯል። «እስከ ስምንት አስተማርኩ። ከዚህ ወዲያ መንግሥት ከወሰዳት ይውሰዳት፤ ካልወሰዳት ባል ይወስዳታል።»

ኢብቲሳምን ያንገበገባት ልጅቱ የተጠየቀችውን ጠንቅቃ ማወቋ ነው። ወር ሙሉ ያስተማረቻቸው ይህንኑ ነበር፦ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ግሶች ሁለት ተሳቢ አስከትለው እንደሚሄዱ፣ መጀመሪያ ተቀባዩ፣ ቀጥሎ እቃው እንደሚጠራ፣ በመካከላቸውም ምንም እንደማይገባ። የመጽሐፉ ምሳሌ አንድ ሰው ለአንዲት ሴት አበባ ላከላት የሚል ነው። በዚህ አገር ማን ለማን አበባ ይልካል? መጽሐፉን ዘጋችና የባቄላ ቆሎ በሰሐን ይዛ ገባች። ያለ እንግሊዝኛ አንዲት ፍሬ የለም አለቻቸው።

«ዳዊት፣ ጊቭ ላቀች ዘ ቢንስ!»

«ላቀች፣ ሾው ሚ ዩር ሃንድ!»

ዳዊት የክፍሉ ቀልደኛ ነው። «ቲቸር፣ እንግሊዞች ጨዋ ናቸው ማለት ነው፤ ከቆሎው በፊት ሰውዬውን ያስቀድማሉ» አለ።

«አንተ ብትሆን ቆሎውን ነበር የምታስቀድመው፤ ሰውዬውንም ትረሳዋለህ» አለችው ላቀች። ክፍሉ አውካካ።

ያቺ ልጅ ናት እንግዲህ ዜሮ ያገኘችው። ኢብቲሳም የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ገበያ መሐል ያደገ ሰው ደግሞ የበደለውን ሻጭ ዝም ብሎ አያልፍም። በሩን ገፍታ ገባች። ላቀች መሬት መሬት እያየች ቆማለች።

«ምን ጠየቋት?»

«መምህርት፣ ፈተና ላይ ነን።»

«ጨርሰዋል እኮ! ዜሮ ጽፈዋል።»

አቶ ይስሐቅ ብዕራቸውን አነሡ። «ይህን ብዕር እንድትጠይቀኝ አዘዝኳት። አንዲት ዓረፍተ ነገር። ደገምኩላት፣ ሠለስኩላት። ዲዳ ሆነች። ለዲዳ ስንት ልስጥ?»

ኢብቲሳም ወደ ልጅቱ ዞረች። «ምን ነካሽ? ያሉሽ አልገባሽም?»

«ገብቶኛል ቲቸር።»

«ታዲያ?»

«በእጃቸው የያዙትን?» አለች ላቀች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እየጻፉበት እኮ ነው። አባቴን የሚያህሉ ሰው እንዴት ብዬ ስጡኝ እላለሁ?»

ኢብቲሳም ክው አለች። እውነት ነው፤ በዚህ አገር ልጅ ከትልቅ ሰው እጅ እቃ አይጠይቅም። ቢቸግረው በሌላ ሰው ያስጠይቃል፤ ሲሰጡትም ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ይቀበላል። እሷም ያደገችው እንዲሁ ነው። ቆሎውን ያቀባበለቻቸው ተማሪ ለተማሪ ነበር፤ እሷን ራሷን ይስጡን ያላት አንድም ልጅ እንዳልነበረ ገና አሁን አስተዋለች። በራሷ ተናደደች፤ በሰውዬው ግን ይበልጥ።

«ሰሙ? እንግሊዝኛ አጥታ አይደለም። ነውር ሆኖባት ነው!»

«ቅጹ ላይ ነውር የሚል ሣጥን የለም።»

«እርስዎስ የዚሁ የእስቴ አገር ልጅ አይደሉም እንዴ? በልጅነትዎ አባትዎን ‹ከትከሻዎ ላይ ያለውን ጋቢ ይስጡኝ› ብለዋቸው ያውቃሉ?»

አቶ ይስሐቅ ፈገግ አሉ። «እንግሊዝኛ ይሉኝታ አያውቅም።»

«እንግሊዝኛ ባያውቅ ፈታኙ ያውቃል! ይህ አገር አሥር ዓመት ሙሉ ትልቅ ሰው ፊት አትቅለብለቢ እያለ ያሳድጋታል፤ ከዚያ ጠረጴዛ ፊት አቁሞ ለምን አልተቅለበለብሽም ብሎ ይቀጣታል። ዳዊትን ልጥራውና እሱን ትጠይቀው።»

«መመሪያው ተፈታኝ ፈታኙን ይጠይቃል ነው የሚለው።»

«እንግዲያው አልፈርምም። ያለ ክፍል መምህር ፊርማ ቅጹ የትም አይሄድም።»

«አምስቱም በአንድ ቅጽ ላይ ናቸው» አሉ አቶ ይስሐቅ ረጋ ብለው። «አልፈርምም ካልሽ አምስቱም ይቀራሉ። ምርጫው ያንቺ ነው።»

ተፈትኖ ዘጠኝ ያገኘው ዳዊት በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ላቀች ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጠበቀችና ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። አንገቷን ቀና አድርጋ የሰውዬውን ዓይን አየች።

«ጊቭ ሚ ዩር ፔን።»

አቶ ይስሐቅ በድንገት ዘረጉላት። ጎንበስ አላለችም፤ በአንድ እጇ መነተፈችው።

«ናው ጊቭ ሚ ማይ ማርክ።»

ሰውዬው ከት ብለው ሳቁ። «ጎሽ! አየሽ መምህርት? ትችላለች! በይ ብዕሬን መልሺ፤ በምን ልጻፍልሽ?»

ላቀች ብዕሩን በእጃቸው አልሰጠችም፤ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ዜሮው ተሰረዘና ስምንት ተጻፈ።

ኢብቲሳም ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ደሟ ግን ፈላ። «ትችላለችማ! ትናንትም ትችል ነበር» አለች። «እርስዎ ዛሬ ያስተማሯት እንግሊዝኛ አይደለም።» ፊርማዋን ስታሳርፍ ወረቀቱ ተቀደደ።

ስትወጣ ላቀች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። ዳዊት አጠገቧ ቆሞ፣ «ስምንት አግኝቶ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ አየሁ» ይላል፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም።

«ቲቸር» አለች ላቀች ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ለአባቴ አይንገሩብኝ።»

«ምኑን? ማለፍሽን?»

«ማለፌንስ ይንገሩት። ሰውዬውን እንዲያ ማለቴን።»