የሃያ ትሎች ምስክርነት

አባቷ በሕይወት ሳሉ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ "ይህን ሁሉ ዓመት አስተምሬ የትል እረኛ አደረግኳት" እያሉ ያስቁባት ነበር። አልዋሹም። ሥራዋ የመድኃኒት ተክሎች ተጨምቀው ሲያበቁ ገለባቸውን ወደ ብስባሽ መለወጥ፣ የመሬት ትል የትኛውን እንደሚወድ የትኛውን እንደሚሸሽ መመዝገብ ነው። አባቷ ከሞቱ ሁለት ወር ሆኗል። እሷ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ትል ቤቱ ውስጥ ድምፃቸውን ትሰማለች። "መራራ ነው ልጄ፤ አንቺ ካልሽ ግን እጠጣለሁ።" ዞር ስትል ከክምሩ የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ነው። ትፈራለች።

ሆዳቸውን ሲያማቸው ለሆድ የሚሆን ቅጠል ከመሥሪያ ቤቷ የተክል መደብ ቆርጣ፣ አድርቃ የሰጠቻቸው እሷ ናት። ሦስት ቀን ጠጡ፤ በአራተኛው ልባቸው ቆመ። ሐኪሙ "ዕድሜ ነው" አለ፤ ቤተሰቡም ተቀበለ። ከቀብር በኋላ ሥራ ስትገባ ነው ነገሩን የሰማችው። ቅጠሉን በቆረጠችበት ሳምንት መደቦቹ ሲኮተኮቱ፣ ስም የተጻፈባቸው እንጨቶች ተነቅለው ተመልሰው ተተክለዋል። ከደጉ ቅጠል ጎን ደግሞ ቁርጥ እሱን የሚመስል፣ ልብ የሚያቆም ሌላ ተክል ነበር። እንጨቶቹ በየቦታቸው ተመልሰው እንደሆነ ማን ያውቃል? አሁን ሁለቱም መደቦች ተገልብጠዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው የሚለቀም አይደለም። ጥርጣሬው የእግር እሳት ሆነባት።

የተረፈው ቅጠል መሳቢያዋ ውስጥ ነው። ለኬሚስትሪ ክፍል መላክ ትችል ነበር፤ ግን ፎርሙ ላይ "የተፈለገበት ምክንያት" የሚል መስመር አለ። እሱን መሙላት አቃታት። እንዲህ እያለች ማክሰኞ ዕለት ወንድሟ ደወለ።

"እኔንም እንደ አባባ ሆዴን ይዞኛል። ያ ቅጠል ተርፎ ከሆነ ሐሙስ በምሳ ሰዓት መጥቼ እወስዳለሁ።"

ስልኩን እንደዘጋች ወደ ትሎቿ ሄደች። ደጉን ቅጠል ትል ይወደዋል፤ መንትያውን ይሸሸዋል። ይህን በሙከራ ያረጋገጠችው ራሷ ናት። አንድ ሣጥን መሃሉን በካርቶን ከፍላ፣ በግራ ቅጠሉ የተደባለቀበትን አፈር፣ በቀኝ ንጹሕ አፈር ሞላች። ካርቶኑን አውጥታ ሃያ ትሎች መሃል ላይ አኖረችና በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነች። የትል ቤቱን ሠራተኛ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸውን ሽማግሌ፣ እስከ ሐሙስ ማንም እንዳይነካው አደራ አለቻቸው። ምን እንደምትፈራ አልነገረቻቸውም። እሳቸው ግን ስትመነምን እያዩ ከርመዋል፤ እንጨቶቹ ሲነቀሉም በቦታው ነበሩ።

ሐሙስ ጨርቁን ገለጠች። ሃያውም ትሎች በግራ፣ ቅጠሉ ውስጥ ናቸው። ሣጥኑን ተደግፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

"ይኸው ትሉም መሰከረልሽ" አሏት ጋሼ ከበሩ። "በይ አሁን እህል ቅመሺ።"

ቅጠሉን በከረጢት ይዛ ልትወጣ ስትል የሥራ ልማድ ያዛት። ትል በዋለበት ቦታ ጥቋቁር እንክብል ኩስ ይተዋል። ጎንበስ ብላ አየች። በቅጠሉ በኩል አንዲት እንክብል የለችም። በቀኝ ያለው ንጹሑ አፈር በኩስ ተሞልቷል።

"ጋሼ፣ ሣጥኑን ነክተውታል?"

ሽማግሌው ጥፍራቸው ውስጥ የገባውን አፈር አዩ። "ጠዋት ሳየው ሁሉም ወደ ንጹሑ አፈር ሸሽተዋል። አባትሽ እንደሆኑ አይመለሱም። አንቺ እንኳ ትረፊ ብዬ ነው ወደ ቅጠሉ ያዛወርኳቸው ልጄ።"

ስለ ወንድሟ አያውቁም ነበር። ልትቆጣቸው ፈለገች፤ አንጀቷ እምቢ አላት። ከረጢቱን መሳቢያው ውስጥ ቆልፋ ባዶ እጇን ወጣች።

ወንድሟ ሆዱን ይዞ አጥሩን ተደግፏል። "የታለ?" አላት።

"አልሰጥህም። ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።" ክንዱን ያዘችው። "ያ ቅጠል መርዝ ነው። ተሳስቼ ነው የቆረጥኩት። አባባን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

እንዲጮኽባት ጠበቀች። እሱ ግን ቀስ ብሎ አጥሩ ሥር ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"በሦስተኛው ቀን 'ልቤን ከበደኝ፣ ይቅርብኝ' ብሎኝ ነበር" አለ መሬት መሬት እያየ። "አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ኩባያውን አፉ ላይ ይዤ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።"