ሠላሳ ስምንት ካሬ

ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ቤት ከገባ ስምንት ወሩ ነው። በእነዚህ ስምንት ወራት ሚስቱ ሦስት ጊዜ በር ቆልፋበታለች። ተጣልተው እንዳይመስላችሁ፤ ረስታው ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመንገድ ሥራ ፎርማን ሆኖ ከሳይት ሳይት ሲዞር የኖረ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለፈቃድ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰው፣ አሁን ቤት ውስጥ መኖሩ ከየት ትዝ ይበላት? አመሻሽ ላይ እንደ ልማዷ የግቢውን በር ትቀረቅራለች። እሱ ሱቅ ደርሶ ሲመለስ በሩን ይደበድባል። “ማነው?” ትላለች ከውስጥ። “እኔ ነኛ! ማን እንዲሆንልሽ ፈለግሽ?” ይላል ከውጭ።

ሠፈሩ “ጋሽ ሜትሮ” ይለዋል፤ መለኪያ ሜትሩ ከቀበቶው ተለይቶ ስለማያውቅ። እሷን ደግሞ ማዋለጃ ክፍል ነርስ ሆና ስላረጀች ሰው ሁሉ “ሲስተር” ነው የሚላት። ባሏም ሲስተር ነው የሚላት። ሌላ አጠራር ሳይለምድ ዘመኑ አለፈ።

የአገር መልቀቁን ነገር ያመጣው የእሱ ደረት ነው። ሐኪሙ አዳምጦት “የድንጋይ አቧራ ጠጥተህ ጠጥተህ ሳንባህ ደክሟል፤ ዝቅ ወዳለ አገር ብትሄድ ይሻልሃል” አለው። ጋሽ ሜትሮ ነገር ሲጀምር ልክ የለውም፤ ዝቅ ወዳለ አገር ሂድ ሲባል ከነጭራሹ ድንበር ተሻገረ። አብሮት የሠራ አንድ መሐንዲስ ጎረቤት አገር፣ ባሕሩን ተጠግታ ባለች ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አፓርታማ አገኘለት። መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ኩሽና፣ ሽንት ቤት፣ በድምሩ ሠላሳ ስምንት ካሬ። “ቤቱን ሸጠን እንሂድ” አላት። “እሺ” አለችው።

ይቺ “እሺ” ናት ጉዷን ያፈላችው። ሲስተር ለባሏ እሺ ማለት የለመደችው በስልክ ነው። እሱ ከሳይት ደውሎ “ጣራውን እንዲህ አስደርጊ፣ ልጅቷን እዚያ አስገቢ” ሲላት “እሺ” ትልና፣ ስልኩን ዘግታ ደስ ያላትን ታደርጋለች። ዘንድሮ ግን የሚዘጋ ስልክ የለም። እሺ የተባለው ሰውዬ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሻንጣ ይመዝናል።

ቤቱን የሚገዛ የጥርስ ሐኪም ተገኘ፤ ውሉም ለዓርብ ተቀጠረ። ቤቱ የሁለቱም ስለሆነ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ሰኞ ዕለት ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው ደወለችላት።

“እማዬ፣ ነገርሽው?”

“እነግረዋለሁ።”

“መቼ? ከፈረምሽ በኋላ? ቤቱን መልቀቅ ካልፈለግሽ አልሄድም በይዋ!”

“ቤቱ ምን ያደርግልኛል፣ የክፍሉ ብዛት ጉልበቴን ጨረሰው” አለች ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “የሚያስፈራኝ አባትሽ ነው።”

“ምን አደረገሽ?”

“ምንም። አላውቀውም እኮ።”

ሲስተር ስልኩን እንደዘጋች የታጠፈውን ልብስ ፈትታ እንደገና ታጥፍ ጀመር። ሰሞኑን እጇ አያርፍም። ሳጥን ታስራለች፣ ትፈታለች፤ ውጭ ወጥታ ትገባለች። በስምንት ክፍል ቤት ውስጥ እሱ ሳሎን ሲሆን እሷ ኩሽና፣ እሱ ኩሽና ሲመጣ እሷ ጓሮ እያለች ስምንት ወር አምልጣዋለች። ሠላሳ ስምንት ካሬ ውስጥ ወዴት ትሄዳለች?

ረቡዕ ጠዋት የእህቷ ልጅ መጥታ ሶፋውንና ቡፌውን አስጭና ሄደች። ሳሎኑ ባዶውን ሲቀር ጋሽ ሜትሮ ቀይ ፕላስተር ይዞ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። የአፓርታማውን ፕላን እያየ፣ እየለካ፣ እያሳለ፣ አዲሱን ቤት ልክ በልኩ ሳሎኑና ኮሪደሩ ላይ አሰመረው።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ቤታችን ነዋ! እስከ ዓርብ እዚህ ውስጥ ነው የምንኖረው። ልምምድ።”

“ሰውዬ፣ ጤናህን ነው?”

“እኔ ያልለካሁት ቦታ ላይ ሠራተኛ አስፍሬ አላውቅም” ብሎ ኮራ አለ።

ሲስተር ትታው ወደ ኩሽና ስትሄድ ጮኸ። “ኧረ በግድግዳ አለፍሽ! በሩ እኮ ያውልሽ!” እሷም ተመልሳ፣ እየተነጫነጨች፣ በሌለው በር ዞራ ገባች። እስከ ምሳ ድረስ አራት ጊዜ ተጋጩ። እሱ ቁጭ ብድግ ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በሰባት እርምጃ ይሄዳል፣ በሰባት እርምጃ ይመለሳል። ለካ ሲያስብ ጥርሱን ያፋጫል! ካገባችው ስንት ዓመቷ፣ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ገና ማወቋ ነው። ደሟ ፈላ። መሸሸጊያ ስታጣ ሽንት ቤት ተብሎ የተሰመረው አራት ማዕዘን ውስጥ ገብታ ቆመች።

“ሽንት ቤት ነኝ!” አለች።

“ይቅርታ” ብሎ ጀርባውን ሰጣት፤ ከምሩ። ሲስተር ባዶ ሳሎን መሀል ቆማ ሩብ ሰዓት ያህል ግድግዳ ግድግዳውን አየች። ሳቋም መጣ፣ ዕንባዋም መጣ፤ ሁለቱንም ዋጠችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፍራሽ እየጎተተች ወደ መኝታ ቤቱ መስመር ገባች። አልጋ ተብሎ የተሰመረው ላይ ፍራሹን ስትዘረጋው በሁለቱም በኩል ተርፎ ወጣ። ሲስተር ለዚህ ሜትር አያስፈልጋትም። ዕድሜዋን የፈጀችው ይህን በሚያህል አልጋ ዙሪያ ነው።

“ዘጠና ሳንቲ ነው” አለች።

“ምኑ?”

“አልጋው። ስንት ሴት ያዋለድኩበት ነው፤ ሁለት ሰው እንደማያስተኛ ካንተ በላይ አውቃለሁ። ለማን ነው?”

“መቶ ስልሳ ነው ያደረግኩት” ብሎ ሜትሩን መዘዘ። ለካ። ደግሞ ለካ። ፊቱ ቀላ። “እጄ ነው” አለ። “የካምፕ አልጋ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያሰመርኩት እሱን ነው፤ እጄ ዝም ብሎ እሱን...”

“እጅህ እውነቱን ተናገረ! ሐሳብህ ውስጥ የለሁበትም!”

“ሲስተር ሙች፣ እንደሱ አይደለም።”

“አልሄድም!” ወጣ በቃ። ወራት ሙሉ አፍና የያዘችው ወጣ። “መጀመሪያውኑም መሄድ አልፈልግም ነበር።”

“እሺ ብለሽኝ ነበር እኮ።”

“የስልክ እሺ ነው! ሳታውቀው ቀርተህ ነው እንጂ እስከ ዛሬ የምልህ እሱን ነበር።”

ጋሽ ሜትሮ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም።

“ደረቴ ሰበብ ነው” አለ በመጨረሻ። “አገር ውስጥስ ዝቅ ያለ ቦታ ሞልቶ የለም? እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ። ጨው ያለበትን አላውቅም። ልጄ መጥታ ‘አባዬ፣ እዚያ የእማዬ ቦታ ነው’ ብላ ታስነሣኛለች። ሦስት ጊዜ ቆልፈሽብኛል፤ ረስተሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱ ነው የባሰው። እዚያ ስንሄድ ሁለታችንም ባዳ ነን። ጨዉን አብረን እናስቀምጠዋለን ብዬ ነው።” ሜትሩን ቀበቶው ላይ መለሰና፣ “ካልፈለግሽ ግን ቤቱን አንሸጥም። እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። ብቻ መኖር አውቅበታለሁ። በሳምንት በሳምንት እደውላለሁ” አላት።

ሲስተር መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። ምን ይደበቃል? ቤቱ፣ ኩሽናው፣ ጓሮው፣ ስልኩ፤ ሁሉ እንደ ድሮው! ወዲያው ግን እፎይታው ራሱ አስደነገጣት። ሰውየው ሻንጣውን አንሥቶ ቢወጣ ነገ ማታ በሩን ትቀረቅርና ትረሳዋለች። አንድ ቀን ደግሞ መሐንዲሱ ይደውላል፤ ሞተ ብሎ ይነግራታል፤ ሰው ተሰብስቦ “ምን ዓይነት ሰው ነበር?” ሲላት የምትለው የላትም።

“መኪናው መጥቶ ሲወስድህ ደስ ይለኝ ነበር” አለችው። “ሁሌም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ትናፍቀኛለህ።”

“እኔም ካምፕ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ እፎይ እል ነበር” አለ። “ናፍቆቱ የሚመጣው ዓርብ ዓርብ ነው።”

ተያዩና ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ነገ ዓርብ ነው።

“ይሄን አልጋ አስፋው” አለች ሲስተር።

“ቁም ሣጥኑ አይገባማ።”

“ይቅራ ቁም ሣጥኑ!”

ዓርብ ጠዋት ውል ማዋዋያው ቢሮ ሰው ሞልቶት ነበር። ጥርስ ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል። ሲስተር ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። ተራቸው ደረሰና መነጽር ያደረገች ሠራተኛ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

“እናቴ፣ የሚሸጡት በፈቃድዎ ነው? ያስገደደዎት የለም?”

“ፈርቻለሁ። ግን በፈቃዴ ነው።”

“ፍርሃት የሚሞላበት ቦታ የለውም ፎርሙ። አዎ ወይስ አይደለም?”

“አዎ” ብላ ፈረመች።

“እርስዎስ አባቴ?”

ጋሽ ሜትሮ እስክሪብቶውን ያዘ። ወራት ሙሉ እንሂድ፣ እንሽጥ፣ ተነሺ ሲል የከረመ ሰው፣ የሚፈርምበትን መስመር እያየ ደርቆ ቀረ። ሠራተኛዋ ጠበቀች። ጥርስ ሐኪሙ ጠበቀ። ጋሽ ሜትሮ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል።

“ብሰለችሽስ?” አላት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

“እስከ ዛሬ ያልሰለቸኸኝ ስላልነበርክ ነው” አለችው። “አሁን እስቲ አብረኸኝ ኑርና አሰልቸኝ! ፈርም።”

ፈረመ።