በሦስተኛው ቀን የበቀሉት

ልብስ ሰፊው ወንድሟ እግሩ የሚቆረጠው ዓርብ ነበር። ቀኝ እግሩ፣ ያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ የኖረው። አጥንቱ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ ሦስት ጊዜ ታከመ፣ ሦስት ጊዜ ቁስሉ ደረቀ፣ ሦስት ጊዜም ተመልሶ መግል ቋጠረ። ሦስቱንም ጊዜ «ይህ መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድለዋል» ብላ ውጤቱን የጻፈችው ደግሞ የገዛ እህቱ ናት።

እህትየው የሆስፒታሉ የባክቴሪያ ምርመራ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ከእሷ እጅ በወጣ ወረቀት ላይ አፉን የሚከፍት ሐኪም አልነበረም። ወንድሟ ለሁለት ሰው ያወራል፣ እሷ ለግማሽ ሰው እንኳ አትናገርም።

ማክሰኞ ጠዋት ከወንድሟ ቁስል የተወሰደውን የመጨረሻ ናሙና ልትጥል ማሞቂያውን ሣጥን ከፈተች። ባክቴሪያው የሚያድግበት ሳህን እንደ ደንቡ በማግስቱ ታይቶ ይጣላል። እሷ ግን ከወንድሟ አልጋ አጠገብ ስትውል ይኼኛው ተረስቶ ሦስት ቀን ሞላው። ልትወረውረው ስትል እንዲያው በልማድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። ሁልጊዜ የምታያቸው ወፋፍራም ወርቃማ የባክቴሪያ ክቦች እንደነበሩ አሉ። በመካከላቸው ግን የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ግራጫ ነጠብጣቦች በቅለዋል።

ሳህኑን መልሳ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

ነገሩ የገባት ቆማ እያለች ነው። ወፋፍራሞቹ ተዋጊዎቹ ናቸው። መርዝ ይረጫሉ፣ ሥጋውን ያፈርሳሉ፣ የፈረሰውን በልተው ይወፍራሉ። ትርፋቸው ይኼ ነው። ኪሳራውም ብዙ ነው፤ መርዝ መሥራት ጉልበት ይጨርሳል፣ ጩኸታቸውም ሰውነቱን ቀስቅሶ ወታደሩን ሁሉ ያዘምትባቸዋል፣ መድኃኒቱም አደባባይ ላይ ያገኛቸዋል። ትንንሾቹ ግን መሣሪያቸውን ጥለው የአጥንቱ ሕዋሶች ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ጥቂት እየበሉ፣ ዝም ብለው። ማዕበሉ ሲያልፍ ከመካከላቸው አንዳንዱ እንደገና ይታጠቃል፣ ቁስሉም እንደገና ይፈነዳል። አቤት ብልሃት! የወንድሟን እግር የሚበሉ ባይሆኑ ኖሮ ታጨበጭብላቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በልቧ አጨብጭባለች።

ቀጥሎ በራሷ ተናደደች። ለምርመራ የምትጭረው ሁልጊዜ ወፍራሙንና ለብቻው የቆመውን ነው፤ ሙያው ያስተማራት እንዲህ ነው። ሦስት ጊዜ ተዋጊዎቹን መረመረች፣ ሦስት ጊዜ ተዋጊዎቹ ሞቱ።

ትንንሾቹን ለቅማ በየመድኃኒቱ ፈተነቻቸው። እነሱ እንደሆኑ አይቸኩሉም፤ ውጤቱ የደረሰው ዓርብ ጠዋት ነው። ወረቀቱን ይዛ ስትሮጥ ቀዶ ሐኪሙ እጁን ሊታጠብ እጅጌውን ሰብስቧል።

«ዶክተር፣ ሦስቱም ውጤቶቼ ስሕተት ናቸው።»

«የእርስዎ?» አለ፣ የቀለደችበት መስሎት።

«የኔ። ትንንሾቹን ሳላይ ጣልኳቸው። ሕዋስ ውስጥ ዘልቆ የሚያገኛቸው መድኃኒት ይኸውና፣ ከሌላ ጋር ተደርቦ።»

ሐኪሙ አነበበ። ከታች ፊርማዋ፣ ከፊርማዋ በላይ ጥፋቷ ተዘርዝሯል።

«ይኼ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ያቀርብዎታል እኮ። መድኃኒቱን ብቻ ቢነግሩኝ ይበቃኝ ነበር።»

«ሌሎች በሽተኞችም አሉ» አለች። ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው።

ሐኪሙ ቧንቧውን ዘጋ። «ስድስት ሳምንት እሰጠዋለሁ።»

ወንድሟ በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። «እትዬ፣ አንቺ ስትጮኺ ዛሬ ገና ሰማሁ!» አለና ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። «ለኔ ብለሽ ስምሽን አጠፋሽ?»

«አርፈህ ተኛ» አለችው።

ስድስት ሳምንቱ አሥር ሆነ፣ ቁስሉ ግን ደርቆ ቀረ። ኮሚቴው ኃላፊነቷን ነጠቃት። አዲሱ ኃላፊ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቢኖር በማሞቂያው ሣጥን በር ላይ «የማይድን ቁስል ናሙና ከሦስተኛው ቀን በፊት አይጣልም» ብሎ መለጠፍ ነው። ስሟን አልጻፈም።

የልብስ ስፌት ሱቁ እንደገና በተከፈተ ዕለት ወንድሟ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ጠበቃት፤ አዲስ የሥራ ጋውን ሊሰፋላት። ከጎኑ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ቀኝ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ረገጠ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ለአፍታ እንኳ ዝም የማይለው ሰውዬ እጅጌው ተሰፍቶ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሷም ዓይኗን ከእግሩ ላይ አላነሳችም።