የኸዋጃው ዕረፍት

ጣሊያን ከመተማ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ክረምት አልፎ ነበር። ጭቃው ደርቆ መንገዱ ሲከፈት፣ ከጓንግ ወንዝ ዳር የተተከለው የድንኳን ሆስፒታል እንደገና በቁስለኛ ሞላ፤ ጎንደር ላይ ጦርነቱ ገና አላበቃም። ሐኪሙ ዶክተር ሉዊ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። አገሩን ጀርመን ሲይዝበት ከእንግሊዝ ጦር ተጠግቶ እስከዚህ ቆላ ድረስ ወርዷል። የመተማ ሰው ግን ስሙን ትቶ እንደ ማንኛውም ነጭ «ኸዋጃው» ይለዋል።

ዋሲላ የሐኪሙ እጅም አፍም ነበረች። የመተማ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ባሏን ጦርነቱ በልቶባታል። ቁስል ታጥባለች፤ ሐኪሙ በተሰባበረ ዐረብኛ የሚናገረውንም ለቁስለኛው በአማርኛ ታደርሳለች። በዚያ ክረምት ወባ ሐኪሙን ራሱን ጥሎት፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥበት፣ ውሃ በማንኪያ እያጠጣች ያተረፈችው እሷ ነበረች።

ቆሞ መሄድ እንደ ጀመረ ካርቱም ካሉት አለቆቹ ትእዛዝ መጣለት። ሥራውን አቁሞ ዕረፍት ይውጣ፤ ከሁለት ከተሞችም አንዱን ይምረጥ፤ ወይ ቤይሩት፣ ወይ ብራዛቪል። በሁለቱም ፈረንሳይኛ ይነገራል፤ ሁለቱም ጀርመን ያልደረሰባቸው ናቸው።

«ዕረፍት ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አዛናው። አዛናው የአርማጭሆ አርበኛ ነው፤ እግሩን ጥይት ሰብሮት ተኝቷል። «ለንግድ ነው? ለስለት ነው?»

«ለምንም አይደለም» አለች ዋሲላ። «ዝም ብሎ ሊቀመጥ ነው።»

«ዝም ብሎ ለመቀመጥ ይህን ሁሉ አገር ያቋርጣል?»

ቁስለኞቹ ሳቁ። ሐኪሙም ሲተረጎምለት ሳቀና «እንግዲያው እናንተ ምረጡልኝ» አለ።

ፀሐይዋ እንደ ጠለቀች በሁለት ዛፎች መካከል አንሶላ አስወጠረ። ከሻንጣው አንዲት ሣጥን አወጣ፤ መስታወት ላይ የታተመን ሥዕል በብርሃን አጉልታ የምታሳይ ናት። ከካሚዮን ባትሪ ጋር ሲያገናኛት አንሶላው በውሃ ተሞላ። ጀልባዎቹ የጉንዳን ያህል ነበሩ።

«ብራዛቪል» አለ ሐኪሙ። «ይህ ወንዙ ነው።»

«ኧረ ባሕር ነው!» አለ አዛናው። «ወንዝማ ዳር አለው።»

ሐኪሙ ከላይ ያለውን ቀጭን ጥቁር መስመር በጣቱ አሳየ። «ዳሩ ይኸውና።»

አዛናው አማተበ።

ሐኪሙ መስታወቱን ቀየረ። ከባሕር ጫፍ ላይ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ከቤቶቹ በላይ ጫፉ የነጣ ተራራ ቆሟል። «ቤይሩት» አለ።

«ያ ነጩ ጥጥ ነው?» አለ አንዱ።

«በረዶ ነው» አለ አዛናው ኮራ ብሎ። «ስሜን ላይ በእግሬ ረግጬዋለሁ።» ቆለኞቹ አላመኑትም።

ዋሲላ ዓይኗ ከውሃው ላይ ቀርቶ ነበር። በአንድ በኩል ከቤቶቹ እግር እስከ ሰማይ ውሃ ብቻ ነው። «ማዶውስ የት አለ?» አለች።

«ማዶው አይታይም።» ሐኪሙ ድምፁ ዝቅ አለ። «ማዶው አገሬ ነው። እናቴ ያለችበትን ከተማ የሚመታት ይኸው ውሃ ነው። ለዚህ ነው ልቤ ወደ ብራዛቪል ያደላው። የእናትን ባሕር እያዩ አለመሻገር ከባድ ነው።»

«ይህን ሁሉ ውሃ ከየት ያመጣዋል?» አለች ዋሲላ።

ሐኪሙ ጎንበስ አለና በእንጨት አፈሩ ላይ ይጭር ጀመር። «ይህ ጓንጋችሁ ነው። ሱዳን ሲገባ አትባራ ይሉታል። አትባራ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ዓባይ ደግሞ ግብፅን አቋርጦ…» ቀና ብሎ አንሶላውን አየ። ለራሱም ገና አሁን የታየው ይመስል ነበር። «እዚያ ይገባል።»

ከድንኳኖቹ ጀርባ ጓንግ ሲወርድ ይሰማል። ሰው ሁሉ ዕድሜውን ሲሰማው የኖረ ድምፅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንገቱን አዙሮ ያደመጠው እንደ አዲስ ነበር።

ዋሲላ እጇን ተመለከተች። «የቁስለኛውን ፋሻ የማጥበው በጓንግ ነው» አለች። «የአዛናውን ደም፣ የሞቱትን ደም፣ ከእንግሊዝ ጋር መጥተው ስማቸውን እንኳ ያላወቅኋቸውን የህንድ ወታደሮች ደም። እሱም ወርዷል?»

«ወርዷል።»

«ሱብሃነላህ!» አለች።

አዛናው በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። «እንግዲህ እኛና እናትዎ በአንድ ውሃ ጎረቤታሞች ነን ይበሉኛ!»

ዋሲላ ተረጎመችለት። ሐኪሙ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። በዚህ የሳቀ የለም።

«ቤይሩት ይሂዱ» አለች ዋሲላ። «ማዶ ባይሻገሩም ዳር ይቁሙ። ከዚህኛው ጫፍ ደግሞ እኛ አለንልዎ።»

በማግሥቱ ሐኪሙ በካሚዮን ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ ቤይሩት ሄደ። ጎንደር ነፃ ወጥታ፣ የቆላው ማሽላ ሲታጨድ፣ የፊቱ ወዝ ተመልሶ፣ ሰውነቱ ሞልቶ መጣ። ዋሲላ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «እንዴት አገኙት?» አለችው።

«መጀመሪያ ፊቴን ከባሕሩ አዙሬ ነበር የምቀመጠው» አለ። «አንድ ቀን ግን ልብሴን እንደ ለበስሁ እስከ አንገቴ ገባሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። ቆምሁ። ከጋራው ውሃችን ውስጥ ብዙ ቆምሁ።»

ዋሲላ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ተከትላው ገባች።